ከእናቴ መሳቢያ የጠፉት ማንኪያዎች

እናቴ ስድስት የሻይ ማንኪያ ነበራት። አሁን የቀራት ሁለት ነው። አራቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አንዱ ጎጀብ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ሥር ተወትፎ ቀርቷል፣ አንዱ ባሌ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ይህን ስጽፍ መንጠቆ ተንጠልጥሎባቸው ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድመዋል። እሷ ከእጣቢ ጋር እየተደፉ መስሏት እህቴን ስትቆጣ ነው የከረመችው። እኔ ዝም ብዬ ሻይዬን በሹካ ጭራ አማስላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማንኪያ ማጥመጃ የሚባል ነገር አለ። እጀታው የተቆረጠ፣ ጎድጎድ ያለ ብረት ነው። አንድ ጫፉ ላይ ክር ይታሰራል፣ ሌላው ጫፉ ላይ መንጠቆ። ትል የለ፣ ሊጥ የለ። ውሃ ውስጥ ሲሳብ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ይመጣል፣ ብርሃን ሲያገኘው ብልጭ ይላል፣ ትልቁ ዓሣ ደግሞ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ይመስለዋል። ፈረንጆቹም ስሙን አላከበዱትም፤ ስፑን ነው የሚሉት፣ ማንኪያ ማለት ነው በቃ።

አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ ጁሊዮ ቡኤል የሚባል ሰው ሐይቅ ላይ ጀልባው ውስጥ ሆኖ ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አመለጠ፣ ብልጭ ብልጭ እያለ ሲሰምጥ አንድ ትልቅ ዓሣ መጥቶ አፈፍ አደረገው ይባላል። ትንሽ ቅመም ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ዓሣ አጥማጅ ሲያወራ ታውቁታላችሁ። ግን ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1852 ለማንኪያ ማጥመጃው የፈጠራ መብት ወስዶበታል፣ ይሄ ወሬ አይደለም። ስለዚህ እኔ ከእናቴ መሳቢያ ስወስድ ታሪክ እየደገምኩ ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ትራውት የሚባለው ዓሣ በሚኖርበት ወንዝ ላይ ማንኪያ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚሠራበት ለሚጠይቁኝ ጥቂት ሰዎች ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፣ ኋላ ጅማ አጠገብ ያለው ቦዬ ረግረግ ሄዳችሁ ቀኑን ሙሉ ስትወረውሩ ውላችሁ እንዳትረግሙኝ። ጅማ ትራውት የለም። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚወደው። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሲሆን ይመቸዋል፣ ከ20 ሲያልፍ ይጨነቃል፣ ምክንያቱም ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን እየቀነሰ ይሄዳል። የእኛ ከተማ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር እና ትንሽ ነው፤ ውሃችን ለእሱ ገንዳ ሙቅ ውሃ ነው። ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ግን 3,000 ሜትር ይደርሳል። ወይብ፣ ዳንካና ሻያ የሚባሉት ወንዞች ከዚያ በላይ ካለው ደጋ ነው የሚወርዱት። እጃችሁን ስትነክሩት ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል።

እዚያም ቢሆን ትራውት የአገሩ ልጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ነው። ሁለት ዓይነት ነው የመጣው፤ ቡናማው፣ እና ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው ቀስተ ደመና የሚባለው።

ጅማ ያለነው ሰዎች ምን አለን? ነጭ ዓሣ አለን። በጎጀብም በጊቤም አለ። የሚፈስ ውሃ ይወዳል፣ ትንንሽ ዓሣ ያሳድዳል፣ ጉልበቱ አይጣል ነው። አምባዛም አለ ግን አምባዛ የትል ወዳጅ ነው፣ ተዉት። ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ያለው ቆሮሶ ደግሞ ማንኪያ ሲያይ ብዙም ግድ አይሰጠው። ስለዚህ እኔ ማንኪያን የተማርኩት በነጭ ዓሣ ነው፣ የተፈተንኩት በትራውት።

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ገዛሁ። አዲስ አበባ ለሥራ የሄደ ጓደኛዬን ለምኜ ከአንድ ሱቅ አስመጣሁ። ሃያ ፍሬ በአንድ ካርቶን። ሁሉም ያብለጨልጫሉ፣ አንዳንዶቹ ላይ ዓይን ሳይቀር ተሥሎባቸዋል። ካርቶኑ ላይ ያለው ዓሣ ጥጃ ያህላል። ሳያቸው ልቤ ቅልጥ አለ።

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ቤተ ሙከራችን ውስጥ የግራም አንድ አሥረኛ የሚለይ ሚዛን አለ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አንድ በአንድ መዘንኳቸው። ትንሿ 18 ግራም። ትልቋ 28። ያኔ ቁጥሩ ምንም አልነገረኝም፣ እንዲያውም ከባድ ስለሆነ ሩቅ ይሄድልኛል ብዬ ደስ አለኝ። ጎጀብ ሄጄ ስወረውር ነው የገባኝ። ሩቅ ሄደ፣ እሱ እውነት ነው። ከዚያ ጧ! አለና ውሃው ላይ ወደቀ፣ በዚያ ያለ ዓሣ ሁሉ ተበተነ፣ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ድንጋይ ያዘው። ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛውን አንድ ነጭ ዓሣ ከየት መጣ ሳልለው ያዘልኝና ገና ሁለት ጊዜ ሳልስበው ክሩ ላላ። ሳወጣው ማንኪያው አለ፣ መንጠቆው የለም። መንጠቆውን የሚይዘው ቀለበት እንደ ወረቀት መያዣ ሽቦ ተዘርግቷል። የተረፉትን ለጎረቤት ልጆች ሰጠኋቸው። በራቸው ላይ በክር አንጠልጥለዋቸው ንፋስ ሲመጣ ይንሿሿሉ። ለእሱ አሪፍ ናቸው።

እነዚያ ለባሕር ወይ ለትልቅ ሐይቅ የተሠሩ ናቸው። ለወንዝ፣ ያውም ትራውት ለሚኖርበት ከጉልበት ለማይበልጥ ወንዝ፣ ከ2 እስከ 5 ግራም ይበቃል። ርዝመቱ 3 ወይ 4 ሳንቲሜትር፣ የአውራ ጣት የላይኛው አንጓ ያህል። ውሃው ሰፋና ጠለቅ ሲል እስከ 7 ግራም ልትሄዱ ትችላላችሁ። ሰው ሲመርጥ መጀመሪያ ቀለም ነው የሚያየው። እኔ ብትጠይቁኝ መጀመሪያ በመዳፋችሁ ያዙት፣ ቀጥሎ ከጎኑ ውፍረቱን እዩ፣ ቀለሙን መጨረሻ።

ውፍረት ለምን? ሁለት ማንኪያ እኩል 4 ግራም ቢመዝኑም አንዱ ሰፊና ስስ፣ ሌላው ጠባብና ወፍራም ሊሆን ይችላል። ስሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሰምጠው፣ ትንሽ ስትስቡት ወደ ላይ ይነሳል፣ ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል። ቀስ ለሚል፣ ጥልቀት ለሌለው ውሃ እሱ ነው። ወፍራሙ ንፋስ ሰንጥቆ ሩቅ ይሄዳል፣ ቶሎ ይወርዳል፣ በፈጣን ውሃ ውስጥ አይንሳፈፍም። ሁለቱንም ኪስ ውስጥ መያዝ ነው። የማንኪያው ጉድጓድ ጥልቀትም ለውጥ ያመጣል። አንድ ጊዜ ተሳስቼ የቡና መቅመሻ ማንኪያ ቆርጬ ነበር (የራሴን ነው፣ የመሥሪያ ቤቱን አይደለም)። የመቅመሻ ማንኪያ ክብና ጥልቅ ነው፣ ቡናውን ፉት ለማለት ይመቻል። ውሃ ውስጥ ግን እብድ ሆነ። ቀስ ባለ ውሃ ጥሩ ይወዛወዝና ፈሰስ ወዳለው ቦታ ሲደርስ መወዛወዙን ትቶ እንደ ሾክ መሽከርከር። ክሬን አጠማዝዞ አጠማዝዞ የሹሩባ ጸጉር አስመሰለው። ስለዚህ ለፈጣን ውሃ ጉድጓዱ ብዙ ያልጠለቀ፣ ረዘም ያለ ይሁን።

ወደ እናቴ ማንኪያ ልመለስ። ከገበያ የሚገዛው ርካሽ ስስ የሻይ ማንኪያ እጀታው ተቆርጦ ሲመዘን 5 ግራም ገደማ ነው። ልክ የምፈልገው። ጅማ መርካቶ ጀርባ ብረታ ብረት የሚሠሩ አንድ አባት አሉ፣ እሳቸው ጋ ወሰድኩት።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ዓሣ ላጠምድበት ነው አባባ።»

ሞርሳውን እያጠበቁ ከጥርሳቸው ሳቁ። «ልጄ፣ በማንኪያ የሚበላው ሾርባው ነው። ዓሣውን በምን ልትይዘው?»

ቢሆንም ቆረጡልኝ። እጀታውን ከአንገቱ በመጋዝ፣ ሻካራውን በሞረድ። መብሳቱ ላይ ነው ጉዱ። ስቴንለስ ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል፣ ድሪል ሲነካው ግን ፑንታው እየተንሸራተተ እንቢ ይላል፣ በጉልበት በፍጥነት ስትበሱት ደግሞ ይግልና ጭራሽ ይጠነክራል። አንድ ፑንታ አቃጠልን። በሁለተኛው እሳቸው ብልሃቱን አመጡ፤ መጀመሪያ በምስማር ጫፍ ነጥብ መታ አደረጉበት፣ ጠብታ ዘይት ጣል አደረጉ፣ ከዚያ ድሪሉን ቀስስስ። እንደ ቡና ወፍጮ ቀጭን ጥቅልል ብረት እያወጣ ገባ። ሁለት ቀዳዳ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከጠርዙ ሦስት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ። በጣም ጠርዝ ላይ ከሆነ ዓሣው ይቀደዋል፣ በጣም ከገባ ደግሞ ቀለበቱ አይዞርም። ቀዳዳው ዙሪያ የቀረውን ስለት በሞረድ ካላነሳችሁ ክራችሁን እንደ ምላጭ ይበላዋል።

ክሩ በየትኛው ጫፍ ይታሰር? የሻይ ማንኪያ በእጀታው በኩል ሰፋ ይላል፣ ወደ ከንፈሩ ጠበብ ይላል። እኔ መጀመሪያ ክሩን በእጀታው በኩል አሰርኩት፣ እንደዚያ ነው የሚመስለው አይደል? ዝናብ ሲጥል የሚሞላ ቦይ በራችን ላይ አለ፣ ጅማ ደግሞ ዝናብ አይጠፋም፣ እዚያ ውስጥ ጎተትኩት። እየተንቀጠቀጠ አንዴ ይገለበጣል አንዴ ይዞራል። ገልብጬ በጠባቡ በኩል ሳስረው፣ መንጠቆውን ወደ ሰፊው፣ ዳሌዋን እያወዛወዘች እንደምትሄድ ሴት ሆነ። ቦዩ ዳር ጎንበስ ብዬ ማንኪያ ወዲያ ወዲህ ስጎትት ጎረቤታችን እትዬ ጃንጥላ ይዘው ቆመው ሲያዩኝ ነበር ለካ። «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ። ማንኪያ አልኳቸው።

መንጠቆ ላይ አልከራከርም፤ አንድ ሹል ያለው ይሁን። ከሱቅ የሚመጡት ባለ ሦስት ሹል ናቸው። ድንጋይና ሥር በሞላበት ወንዝ ሦስት ሹል ማለት ሦስት ጊዜ መያዝ ማለት ነው፣ ዓሣውንም አፉን ይበጣጥሰዋል። ወደ ኋላ የምትመለሰዋን ትንሽ ሹል በፒንሳ ጨፍልቋት። ያመልጠኛል ብላችሁ አትፍሩ፣ ክሩ ካልላላ አያመልጥም። ቀለበቱን ከቁልፍ መያዣ ሰንሰለት ላይ ነው የማወጣው፣ ሁለት ዙር የተጠመጠመ ጠንካራ ነው። ናይለኑ 0.20 ሚሊ ሜትር ለትራውት ይበቃል፣ ለነጭ ዓሣ ወፈር ይበል። ከማንኪያው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ደግሞ የምትሽከረከረዋ ትንሽ ማያያዣ ትግባ፣ አለበለዚያ ከላይ ያልኩት ሹሩባ ይደርስባችኋል።

ቀለም አልኩ መጨረሻ፣ ይኸው መጨረሻው። ፀሐይ ሲሆንና ውሃው ሲጠራ ብርማ። ደመና ሲሆን ወይ ውሃው ሲደፈርስ ወርቃማ ወይ መዳብ። ውሃው እንደ መስታወት ከጠራ ብርማው ራሱ ይበዛል፣ ዓሣው ይሸሻል፤ ያኔ በሞረድ ፈተግ ፈተግ አድርጌ አደበዝዘዋለሁ። ቀይና ነጭ መስመር ያለው ደግሞ የድሮ ሞዴል ነው፣ ዲትሮይት የነበረው ሉ ኤፒንገር የሚባል ማጥመጃ ሠሪ ያሳወቀው፣ እስካሁን ይሸጣል። እኔ ቀዩን በእህቴ የጥፍር ቀለም ነው የሠራሁት። አዎ፣ እህቴ ሁለት ጊዜ ተበድላለች።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ባሌ የሄድኩት በበጋ ነው፣ ውሃው ሲጠራ። ከጅማ ሩቅ ነው፤ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በአሰላ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጎ ዲንሾ። ወንዞቹ የባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥም ስለሚያልፉ መጀመሪያ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ዘንግ ይዛችሁ እንዳትገቡ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ባዶ። በማለዳ በውርጭ ወጣሁ፣ ጣቴ ናይለን መቋጠር አቃተው። ዳር ዳሩን እየሮጥኩ፣ እዚህ ሦስት ወርውሬ፣ እዚያ ሦስት ወርውሬ፣ ማንኪያውን ደግሞ እንደ ጎጀብ በፍጥነት እየጠቀለልኩ። አንዲት ዓሣ አልነካችም። ከሰዓት በፊት በፈረስ የመጣ አንድ የእረኛ ልጅ ጋቢውን ተከናንቦ ከፈረሱ ሳይወርድ ሲያየኝ ቆየና «ማሊፍ ፊግዳ?» አለኝ። ለምን ትሮጣለህ ማለቱ ነው። ስለ እግሬ ነው ያለው። እኔ ግን እጄንም አየሁት።

ቁጭ አልኩ። ወንዙን ማየት ጀመርኩ። ያ ቦታ ዛፍ የለውም፣ ሜዳ ነው፣ እኔ ቆሜ ጥላዬ ወንዙን አቋርጦ ማዶ ደርሷል። ትራውት ፊቱን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ምግቡ ከዚያ ነዋ የሚመጣለት። ፈጣኑ ውሃ መሃል አይቆምም፣ ያደክመዋል። ድንጋይ ጀርባ፣ ወይ ፈጣኑና ቀርፋፋው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፣ አረፋው ተሰልፎ የሚሄድባት መስመር። እሷን መስመር ፈልጓት። እናም ከታች፣ ከጀርባው በኩል ተጠጉት፣ በጉልበታችሁ ቢሆን ደግሞ የተሻለ።

ሁለት ነገር ነው የምሠራው። ወደ ላይ አግድም ወርውሬ ማንኪያው ከውሃው ትንሽ ብቻ ፈጠን ብሎ እንዲመጣ እጠቀልላለሁ። ትንሽ ብቻ። ከውሃው ከዘገየ ይሰምጣል፣ በጣም ከፈጠነ ወደ ላይ ወጥቶ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ይበልጥ የምወደው ነው፤ ማዶ ወርውሬ ክሩን ወጠር አድርጌ መጠቅለሉን እተዋለሁ። ውሃው ራሱ ማንኪያውን ይዞ ግማሽ ክብ እየሠራ ወደ እኔ ዳር ያመጣዋል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ቱክ ቱክ ቱክ የምትል ምት አለች፣ ማንኪያው ሲወዛወዝ። ምቷ ካለች ፍጥነቱ ልክ ነው። ከጠፋች ወይ ሰምጧል ወይ ሣር ይዟል። ከፈጠነች ውሃው በዝቶበታል፣ ክር ልቀቁለት።

ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ውሃውን ትንሽ ስታሞቀው (በቀዝቃዛ ደጋ በጨለማ መነሳት ለበረከት ካልሆነ ጥቅም የለውም) አንድ ጠረጴዛ የሚያህል ድንጋይ ከላይ በኩል ተንበርክኬ ማዶ ወረወርኩ። ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ዞረ። ከድንጋዩ በታች ክቡን ጨርሶ ቀጥ ሊል ሲል፣ ያቺ የመታጠፊያ ቅጽበት፣ ምቷ ቀጥ አለች። ድንጋይ መሰለኝ። ከዚያ ድንጋዩ ወደ ጎን ሄደ። አየር ላይ ሲዘል ጎኑ ላይ ያለችውን ሮዝ መስመር አየኋት፣ ጥርት ብላ። ከክንዴ ያጠረ ዓሣ ነው፣ ግን እጄን አንቀጠቀጠው። ከዚያ በኋላ ያስተዋልኩት ከያዝኳቸው አብዛኞቹ እዚያችው መታጠፊያ ላይ ነው የነከሱት፣ ወይ ደግሞ መሳቤን ገታ አድርጌ ማንኪያው እንደ ቅጠል ሲወድቅ። ስለዚህ ክቡ አለቀ ብላችሁ ቶሎ አታውጡት። እስከ አምስት ቁጠሩ።

የምትለቁት ከሆነ እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት፣ ደረቅ እጅ ላዩ ላይ ያለውን ልጋግ ይገፍፈዋል። የምትበሉት ከሆነ ቅርፊቱ ደቃቅ ነው፣ ብዙ አያደክምም። ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ትንሽ ዘይት፣ መጥበሻ። ሌላ ነገር አትጨምሩበት፣ በናታችሁ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ያው ማንኪያ ድንጋይ ሥር ገብቶ ቀረ። ከዚህም ከዚያም ጎትቼ፣ ከላይ ዞሬ፣ እምቢ። ውሃ ውስጥ ልገባ ሱሪዬን ሰብስቤ አንድ እግሬን ነከርኩና ወዲያው አወጣሁት። በጥሼው ተመለስኩ።

እናቴ ባለፈው ሳምንት ነገሩን ደረሰችበት። ክፍሌ ስትጠርግ የተቆረጡ አራት እጀታዎች አልጋዬ ሥር አገኘች። ምንም አላለችኝም፣ እህቴን ብቻ ጠርታ ይቅርታ ጠየቀቻት። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ስድስት አዲስ ገዝታ መጣች። «እነዚህ ወፍራም ናቸው፣ አይሆኑህም» አለችኝ እየደረደረቻቸው። ማታ አንዱን ይዤ ቤተ ሙከራ ሄድኩ። እውነቷን ነው። እጀታው ሳይቆጠር 11 ግራም ገደማ ነው የሚሆነው፣ ለትራውት አይሆንም። ለጎጀብ ግን፣ ከድልድዩ በታች ላለው ለዚያ ጥልቅ ቦታ፣ ልክ ነው።